ከግዳጅ መልስ፦ ክርስቲያን ፖሊስ ውጥረትን በእምነት እንዴት ይቋቋም?

ፖሊስ ያየውን ይጽፋል። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተያዘ። «እጄ ተንቀጠቀጠ» ብሎ የሚጽፍ ግን የለም። «ልጁን ሳየው የራሴ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ» የሚል መስመርም ሪፖርት ላይ አይገኝም። መኖርም የለበትም፤ ሪፖርት የሚጻፈው ለአለቃና ለፍርድ ቤት ነው። ችግሩ ያልተጻፈው ግማሽ የትም አለመሄዱ ነው። ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በእንቅልፍ እጦት፣ በትንሽ ነገር በመገንፈል፣ በመጠጥ ወይም ቤት ገብቶ ዝም በማለት ይወጣል።

ይህን የምጽፈው ኦርቶዶክስም ይሁኑ ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት፣ በክርስቶስ ለሚያምኑ ፖሊሶች ነው። ጸሎት ያ ያልተጻፈ ግማሽ የሚነገርበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በፈረቃችሁ ውስጥ ቋሚ ቦታ ስጡት። «ሲመቸኝ እጸልያለሁ» የሚለው ፖሊስ ቤት አይሠራም። የሚመች ቀን የለማ።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ሁሉንም በአንዴ አትጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ለጥቂት ሳምንታት ያዙና ሲለመዱ ወደ ቀጣዩ እለፉ። የመጨረሻው ግን ተራ አይጠብቅም፤ እናንተን ወይም ባልደረባችሁን የሚመለከት ከሆነ ዛሬውኑ እሱን አንብቡ።

1. «እምነቴ ደክሞ ነው» የሚለውን ተዉት

ብዙ አማኝ ፖሊስ ከውጥረቱ በላይ የሚጎዳው ይህ ሐሳብ ነው። «እምነት ቢኖረኝ እንዲህ አልሆንም ነበር» ይላል። ከዚያ ያፍራል፤ ሲያፍር ይደብቃል፤ ሲደብቅ ይብስበታል።

አደጋ ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ዓይን የሚያየው አደጋውን ብቻ ይሆናል። ይህ ፈጣሪ ለሕይወታችን የሰጠን መከላከያ ነው። ፖሊስ ግን በዚህ ሁኔታ ለደቂቃዎች ሳይሆን ለሰዓታት ይቆያል። እያንዳንዱን እጅ፣ እያንዳንዱን በር፣ እያንዳንዱን መኪና ሲጠረጥር ይውላል። ቤት ሲደርስ ያ ሁሉ ንቃት ይወርድና ሰውየው ሶፋ ላይ ይደፋል። ሚስቱ ስታወራው አይሰማም። የልጆቹ ጫጫታ ያበሳጨዋል። ይህ የደከመ ሰውነት ነው እንጂ ክህደት አይደለም።

1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አውጡና ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ትልቁን ድል ካየ በኋላ ነው ኤልዛቤልን ፈርቶ የሸሸው። በረሃ ገብቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል» ብሎ እንዲሞት ለመነ። እግዚአብሔር ያደረገውን ልብ በሉ። አልገሠጸውም፣ ስለ እምነት አላስተማረውም። ኤልያስ ተኛ። መልአክ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ ራስጌው ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ላይ ነው። እዚያም እግዚአብሔር «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ጠየቀው እንጂ አልከሰሰውም። ኤልያስም የልቡን ተናገረ፤ ብቻዬን ቀረሁ አለ። መልሱ አዲስ ሥራ፣ ኤልሳዕ የሚባል አጋርና በኣል ለሚባለው ጣዖት ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ የሚናገር ቃል ነበር።

እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የልብን መናገር፣ አጋር። ይህ መመሪያ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

2. ከፈረቃ በፊት፦ ሁለት ደቂቃ

ረጅም ጸሎት እቤት የምትጸልዩ ከሆነ ቀጥሉበት። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ልብስ መቀየሪያው ጋር፣ ቀበቶውን ስታስሩ ወይም መኪናው ሳይነሣ የሚጸለይ አጭር ጸሎት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሁን። ቦታው ራሱ ያስታውሳችኋል።

መዝሙር 127 ላይ «እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ፥ ጠባቂ በከንቱ ይተጋል» የሚል ቃል አለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው የመዝሙር ቁጥሮች በብዙ መጽሐፍ ቅዱሶች ላይ ያሉት ናቸው፤ በዳዊታችሁ ላይ አንድ ዝቅ ብላችሁ ፈልጉ።) ለፖሊስ ይህ ቃል እረፍት ነው። ከተማው በእናንተ ትከሻ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጸሎቱ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጌታ ሆይ፣ ዛሬ የማገኘውን ሰው አላውቀውም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ምላሴን ጠብቅ። እጄን ከግፍ ጠብቅ። አብሮኝ የሚወጣውን ጓደኛዬን ጠብቅ። ከተማውን የምትጠብቀው አንተ ነህ፤ እኔ ተረኛ ነኝ። አሜን።»

የጓደኛችሁን ስም ጥሩ። ስሙን እየጠራችሁ ከጸለያችሁለት ሰው ጋር ሲመሽ መነታረክ ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን ልናገር፤ ዝም ማለት አልችልም። መዝሙር 91ን እንደ ክታብ የሚይዙ አሉ። «ይህን ካነበብኩ ምንም አይነካኝም» ይላሉ። ሰይጣን ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር ነው። ጌታም «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። የጸለዩ ፖሊሶችም ይቆስላሉ፣ ይሞታሉም። መዝሙሩን ጸልዩት፣ ጥይት መከላከያውን ልበሱ፣ የመኪናውን ቀበቶ እሰሩ። መዝሙሩን እንደ ዋስትና የያዘ ሰው ጓደኛው የወደቀ ቀን እምነቱም አብሮ ይወድቃል። ይህ እንዲሆንባችሁ አልፈልግም።

3. ግዳጅ ላይ፦ ከትንፋሽ ጋር የሚሄድ ጸሎት

«ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረኝ» የሚለው አጭር ጸሎት ገዳማውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ከትንፋሻቸው ጋር እያስማሙ የጸለዩት ነው። ለፖሊስም ይመቻል፤ መጽሐፍ መግለጥም መንበርከክም አይፈልግም።

አሠራሩ ይኸው። በአፍንጫ አየር ስታስገቡ በልባችሁ «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ» በሉ፤ 4 ሰከንድ ያህል። በቀስታ ስታስወጡ «ማረኝ» በሉ፤ 6 ሰከንድ ያህል። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ቀጥሉ። ትከሻችሁ ሲወርድ፣ መንጋጋችሁ ሲላላ ይሰማችኋል።

ይህ በሳይንስም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት 23 ጤናማ ሰዎች በመቁጠሪያ የሚጸለየውን የእመቤታችንን ሰላምታ በላቲን ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 እንደወረደና የልብና የደም ዝውውር ምታቸውም ከትንፋሻቸው ጋር እንደተስማማ አሳይቷል። ትንፋሽ ማስወጣት ሲረዝም ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ሥራውን ይሠራል። ጸሎቱን ወደ መተንፈሻ ስፖርት ማውረዴ አይደለም፤ የምትጠሩት ጌታን ነው። ሰውነታችሁም ግን ፍጥረቱ ነውና አብሮ ያርፋል።

ጥንቃቄ። ይህን ዓይናችሁና እጃችሁ በሚፈለጉበት ሰዓት አትሞክሩት። ወደ ቦታው እየሄዳችሁ ከሆነ የማይነዳው ሰው ያድርገው። ዓይን አይጨፈን። ደግሞም በሰላሙ ጊዜ ተለማመዱት፤ ወረፋ ስትጠብቁ፣ ጥበቃ ላይ ስትቆሙ። ያልተለመደ ጸሎት በጭንቅ ሰዓት አይመጣም።

ጊዜው ካልፈቀደ «ጌታ ሆይ» ብቻ ይበቃል። ጴጥሮስ ሊሰጥም ሲል የጸለየው «ጌታ ሆይ፣ አድነኝ» ነው። ከዚያ በላይ ቢያራዝመው ውኃ ይገባው ነበር።

4. ከፈረቃ በኋላ፦ ርክክብ

ከሁሉ ይልቅ በዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

ተረኛ ሲቀየር ርክክብ አለ። ምን እንደተፈጠረ፣ ማን እስር ላይ እንዳለ፣ ምን እንደቀረ ለተተኪው ይነገራል፤ መዝገቡ ይፈረማል፤ ከዚያ ወዲያ ኃላፊነቱ የተረከበው ሰው ነው። ከእግዚአብሔር ጋርም ይህንኑ አድርጉ። መኪናችሁን ሳታስነሡ ወይም ታክሲው ውስጥ ስትቀመጡ አምስት ደቂቃ ውሰዱ። የሆነውን ንገሩት። የተሰማችሁን ንገሩት። ያልጨረሳችሁትን ስጡት። ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ «እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ያለው ይህንን ነው።

ሰው የሚቸገረው «የተሰማችሁን» የሚለው ላይ ነው። ፖሊስ ሲጸልይም ሪፖርት ያቀርባል። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አደጋ ነበር፣ ተመስገን፣ አሜን።» ይህ ጸሎት አይደለም ማለቴ አይደለም። ግን ዋናውን ነገር አልነካውም። ለዚህ ነው መዝሙረ ዳዊት የሚያስፈልገን። ከመዝሙራቱ ብዙዎቹ ለቅሶና ክርክር ናቸው። መዝሙር 13 ደጋግሞ «እስከ መቼ» ይላል። መዝሙር 88 ደግሞ መጽናኛ ሳያገኝ ነው የሚያልቀው፤ እንደጨነቀው ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን ከመጽሐፏ አላወጣችውም። እንዲህ ያለ ጸሎትም ጸሎት ነው ማለት ነው።

ከባድ ግዳጅ ባጋጠማችሁ ቀን የራሳችሁን ለቅሶ በመዝሙር 13 መንገድ ጻፉ ወይም በቃል ተናገሩ። አራት ነገር አለው፦ ጌታን መጥራት፣ የሚያሳምመውን ያለ ማለባበስ መናገር፣ አንድ ነገር መለመን፣ አለመልቀቅ። መርዶ ሊናገር በር ያንኳኳ ፖሊስ እንዲህ ሊጸልይ ይችላል፦

«ጌታ ሆይ። ዛሬ መርዶ ነጋሪ ሆንኩ። እናትየው በሩን የከፈተችው እየሳቀች ነበር፤ ልጇ የመጣ መስሏት። ሳቁ ከፊቷ ሲጠፋ ያየሁት እኔ ነኝ። መለዮዬን እጄ ላይ እያዞርኩ ቆምኩ፤ የምለው ጠፋኝ። ለምን ያ ልጅ? አንተ የት ነበርክ? እሷን አጽናናት፣ እኔ አላውቅበትም። ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ ስጠኝ። መልስህ አልገባኝም፤ ቢሆንም ከአንተ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

እዚህ ውስጥ «ተመስገን» የለም። ነገ ሊመጣ ይችላል። ዛሬ አታስገድዱት።

ስትጽፉ ስም፣ አድራሻ፣ የመዝገብ ቁጥርና ምርመራውን የሚነካ ዝርዝር አታስገቡ። ያ የተጎጂው ምስጢር ነው፤ በማስታወሻ የተጻፈ ነገርም ፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። የምትጽፉት ስለ ራሳችሁ ልብ ብቻ ይሁን። ከጸለያችሁበት በኋላ ወረቀቱን ቀድዳችሁ ጣሉት።

በመጨረሻ ርክክቡን በቃል ዝጉ፦ «አስረክቤአለሁ። እስክመለስ በአንተ እጅ ነው።» ነገሩ ሌሊት ተመልሶ ከመጣባችሁ እንደ አዲስ አትከራከሩት። «ይህን አስረክቤዋለሁ» በሉና ወደ ትንፋሹ ጸሎት ተመለሱ። መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ማለት ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ የመክሸፍ ምልክት አይደለም።

5. ቤት ስትገቡ

«እንዴት ዋልክ?» «ደህና።» በዚህ መልስ ስንት ትዳር ተጎድቷል! የትዳር ጓደኛችሁ ሬሳው ምን እንደሚመስል መስማት አያስፈልጋትም። አንድ ነገር እንደሆናችሁ ግን ታውቃለች፤ ካልነገራችኋት በእሷ የተናደዳችሁ ይመስላታል። ስለዚህ ዝርዝሩን ትታችሁ ክብደቱን ንገሯት፦ «ዛሬ ከባድ ነበር። ዝርዝሩን አልነግርሽም፤ ትንሽ አጠገቤ ተቀመጭ።» ፖሊሷ ሚስትም ለባሏ እንዲሁ ትበል። ስትገቡ ልብስ ለመቀየርና ለመታጠብ ሃያ ደቂቃ እንዲሰጧችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ግን ስልክ ላይ ሳይሆን ከእነሱ ጋር ሁኑ።

ልጆች ተኝተው ከደረሳችሁ ራሳቸው ላይ እጃችሁን ጭናችሁ ባርኳቸው። ቀኑን ሙሉ ሰው ስትይዙበት የዋለው እጅ ነው። ለእናንተም ይጠቅማል።

6. የሚከስሳችሁን ነገር ለዩት

ከፍርሃት ይልቅ ብዙ ፖሊስን የሚበላው ጸጸት ነው። ጸጸት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ መድኃኒቱም ይለያያል።

አንደኛው ያጠፋችሁት ነው። የታሰረውን ሰው መታችሁት፣ ያላያችሁትን አየሁ አላችሁ፣ ጓደኛችሁ ሲያጠፋ ዝም አላችሁ። ይህ በመተንፈስ አይጠፋም። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን «እኛስ ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። «በማንም ግፍ አትሥሩ፥ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፥ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» አላቸው። ሉቃስ 3፡14 ነው። ሦስቱም ዛሬ ድረስ የፖሊስ ፈተናዎች ናቸው፤ ሦስቱም እንቅልፍ ይነሣሉ። መንገዱ ንስሐ ነው፦ ለንስሐ አባት ወይም ለመጋቢ መናገር፣ በሕግ መታረም ያለበትን ማረም፣ የሐሰቱን ቃል በእውነተኛው መተካት። ዋጋ ያስከፍላል። ካልተከፈለ ግን በየሌሊቱ ወለድ እየጨመረ ይከፈላል።

ሁለተኛው ያልቻላችሁት ነው። ዘግይታችሁ ደረሳችሁ፤ ደሙ አልቆም አለ፤ ሰውየው እጃችሁ ላይ ሞተ። ይህ ኃጢአት አይደለም። ንስሐ የምትገቡበት ነገር የለም፤ የምታለቅሱበት ነገር ነው ያለው። ጌታ በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና አልቅሱ። ጥሩ አባት ወይም መጋቢ ሁለቱን ይለይላችኋል። ራሳችሁ ለመለየት አትታገሉ፤ በራሱ ጉዳይ ዳኛ የሆነ ሰው ወይ ራሱን ያስራል ወይ ራሱን ይለቃል።

ሦስተኛው በሕግ የተፈቀደ ግን ልብን ያቆሰለ ነገር ነው። ሕይወት ለማዳን ተኮሳችሁ፤ ምርመራው ነጻ አደረጋችሁ፤ ልባችሁ ግን አልለቀቃችሁም። «ሥራህን ነው የሠራኸው» የሚለው የባልደረባ ማጽናኛ አይበቃም። የሞተውም የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ሰው ነበርና ኀዘኑ ትክክለኛ ነው። ለነፍሱ ወይም ለቤተሰቡ ጸልዩ። ከዚህ ጋር ከባለሙያ ጋርም ተነጋገሩ።

ጥላቻም ሌላ ሸክም ነው። ልጅ የደፈረን ሰው ካሰራችሁ በኋላ በየቀኑ በሐሳባችሁ ትገድሉት ይሆናል። ሮሜ 12፡19 በቀል የጌታ ነው ይላል። ይህ ማለት ክሱን ችላ በሉ ማለት አይደለም፤ ማስረጃውን በጥንቃቄ ያዙ፣ ምስክርነታችሁን በእውነት ስጡ፣ ፍርዱን ለፍርድ ቤት ተዉት። ከዚያ በኋላ ሰውየውን ይዞ ቤት መግባት አይጠበቅባችሁም።

7. ዕረፍት

እሑድ ተረኛ ከሆናችሁ ሰንበት ቀረ አትበሉ። «ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል» ያለው ጌታ ነው። ሌላ ቀን፣ ካልሆነም ግማሽ ቀን መርጣችሁ ትርፍ ሰዓት አትቀበሉበት። ቅዳሴ ወይም አምልኮ ካመለጣችሁ በሳምንቱ መካከል ያለውን ፈልጉ፤ የፈረቃ ሰሌዳው ሲወጣ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ይሁን።

እንቅልፍ መንፈሳዊ ጉዳይ ነው፤ ኤልያስን አትርሱ። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። ከሌሊት ፈረቃ በኋላ ክፍሉን አጨልሙት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ተዉት። ቡናው ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነት ውስጥ አለ፤ ስለዚህ በፈረቃው ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ተዉት። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን እንቅልፉን ያበላሻል። ትኩስ ሐዘንን በመጠጥ መሸፈን የብዙ ጎበዝ ፖሊስ ማለቂያ ሆኗል። የምትጾሙ ከሆነ የሌሊት ፈረቃችሁን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩና አብራችሁ ወስኑ።

8. ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተገናኙ

ጌታ በጌቴሴማኒ ሲጨነቅ ሦስት ጓደኞች ይዞ ገብቷል፤ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች» ብሎም ነግሯቸዋል። እሱ ካስፈለገው እኛማ!

ይህ በፖሊስ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1883 ካትሪን ገርኒ የተባለች እንግሊዛዊት የክርስቲያን ፖሊሶችን ማኅበር መሠረተች፤ ማኅበሩ ዛሬም አለ። በ1890 ደግሞ ሆቭ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የታመሙና የዛሉ ፖሊሶች የሚያገግሙበት ቤት ከፈተች። ደስ የሚለኝ ሁለቱን አለመለያየቷ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ሰጥታ አልሸኘቻቸውም፤ አልጋም አዘጋጀችላቸው።

አካሄዱ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሠላሳ ደቂቃ፣ ከጣቢያው ወጣ ብላችሁ ተገናኙ። አንድ መዝሙር አንብቡ። ከዚያ እያንዳንዱ ለአንድ ጥያቄ ይመልስ፦ «በዚህ ሳምንት አልለቅ ያለህ ነገር ምንድን ነው?» ማንም አያቋርጥ፣ ማንም አይምከር፣ ማንም አይስበክ። ሲጨርስ ለእሱ ጸልዩ። የተባለው እዚያው ይቀራል፤ በሕይወት ላይ የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ብቻ እርዳታ ይጠራል። ሕግ የሚጠይቀው የምርመራ ጉዳይ እዚያ አይነሣ። አለቃ ከገባ እንደ ወንድም ይግባ፤ የበታቹን «ና ጸልይ» ብሎ አያዝዝ። የማያምን ባልደረባችሁን አትጫኑት። ሲጨንቀው ማን ጋ እንደሚመጣ ያውቃል።

የፖሊስ ቄስ ወይም መንፈሳዊ አገልጋይ ባለበት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ተጠቀሙበት። ከሌለ ደግሞ በአጥቢያችሁ ያለ፣ ምስጢር የሚጠብቅና በጥቅስ የማይቸኩል አንድ ሰው ፈልጉ። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው፤ ካገኛችሁት አትልቀቁት።

9. ከዚህ በላይ ሲሆን

ያያችሁት ነገር በሕልምም በቁምም እየተመለሰ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ፣ ያንን መንገድ ወይም ቤት ለማለፍ ከከበዳችሁ፣ ትንሽ ድምፅ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ፣ ልባችሁ ደንዝዞ ለልጃችሁ እንኳ ምንም ካልተሰማችሁ፣ ይህም ከአንድ ወር በላይ ከዘለቀ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጉዳት ሕክምና አለው፤ ብዙዎች በንግግር ሕክምና ይድናሉ። መድኃኒት ቢታዘዝ እምነት ማጣት አይደለም። ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ጸበል ወይም የፈውስ ጸሎት የምትሹ ከሆነ ሕክምናውን ሳታቋርጡ አድርጉት።

«ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ አለ። እንደ እናንተ ጥበቃ ላይ ያለ ሰው ነበር። ሌሊት የምድር መናወጥ በሮቹን ከፈተ። እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ሰይፉን መዘዘ፤ ራሱን ሊገድል። ጳውሎስ ከጨለማው ውስጥ በታላቅ ድምፅ ጮኸ፤ ሁላችንም እዚህ አለን፣ በራስህ ላይ ክፉ አታድርግ አለው። ጠባቂው በዚያች ሰዓት የመሰለው ሁሉ ስሕተት ነበር። ሁሉ አልቋል ብሎ ነበር፤ አላለቀም ነበር።

ሐሳቡ የእናንተ ከሆነ ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ። የታጠቃችሁትን መሣሪያ ለምታምኑት ባልደረባ ወይም ለጣቢያው ግምጃ ቤት አስረክቡ። ለአንድ ሰው «ራሴን ለማጥፋት እያሰብኩ ነው» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። ብቻችሁን አትደሩ። ወደ ሆስፒታል ወይም አካባቢያችሁ ወዳለው የአስቸኳይ እርዳታ መስመር ደውሉ።

የባልደረባችሁ ከሆነ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። «ኃጢአት ነው እኮ» ብላችሁ አትጀምሩ። መሣሪያው ከአጠገቡ እስኪርቅ አትለዩት፤ ወደ ሐኪም አብራችሁት ሂዱ። መጸለይ ከፈለገ ጸልዩ፤ ካልፈለገ አጠገቡ ተቀመጡ።

ታክሞ ሲመለስ እንደ ቁስለኛ ተቀበሉት። እግሩ ተሰብሮ የተመለሰን ባልደረባ «አሁንስ ትታመናለህ?» አትሉትም። በጉዳዩ ላይ ወሬ አታሰራጩ፤ ሲወራ ከሰማችሁም አስቁሙ። አለቃ ከሆናችሁ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሌሊት ፈረቃና ከከባድ ግዳጅ አሳርፉት፣ ለምን እንደሆነም ራሱን አማክሩት። በሳምንታዊው ስብሰባችሁ ላይ ቦታው እንደነበረ ይቆየው። ጥያቄው ለእሱም ሲደርስ እንደ ሌላው ሰው ይመልስ።